ለሁሉ የሚሆን የሕይወት ታሪክ

ቡሬና ዙሪያዋ ሰው ሞቶ ሳይቀበር ደግ የሚሆነው በእኔ ምክንያት ነበር። ቄሶቹ ይፈታሉ፣ ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፣ እኔ ደግሞ ሟቹን ደግ አደርጋለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ጎረቤቱን በሽመል ሲያባርር የኖረ ሰው፣ እኔ እጅ ከገባ «ሰው አክባሪ» ሆኖ ይወጣል። ከደጁ ቀዝቃዛ ውሃ ተለምኖ የማይገኝ ንፉግ «ቤታቸው ለእንግዳ ክፍት የነበረ» ይሆናል። ሰካራሙን «ተጫዋች» እለዋለሁ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ ከአንዳንዶቹ ጋር ብዙ ደክሜያለሁ።

መተዳደሪያዬ ይኸ እንዳይመስላችሁ። እንጀራዬ አንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት ነበር፤ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነኝ። ዘመኑ ደግሞ «ልማታዊ» የሚል ቃል ሳይለጠፍበት የሚያልፍ ነገር ያልነበረበት ዘመን ነው። ልማታዊ አርሶ አደር፣ ልማታዊ ባለሀብት፣ ልማታዊ ዘፋኝ… እኛማ ልማታዊ ዘበኛም ነበረን፤ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል። የኔ ሥራ ዜና መጻፍ ነው። ዜናዬ አንድ ነው። «የእገሌ ቀበሌ ነዋሪዎች ከመቼውም ጊዜ በላይ በቁርጠኝነት እንደሚረባረቡ ገለጹ» ይላል። ነዋሪዎቹ ምንም አልገለጹም። እኔም አልጠየቅኋቸው። ቀበሌው ድረስ ለመሄድ መኪና የለም፤ መኪና ሲገኝ ነዳጅ የለም፤ ሁለቱም ሲገኙ እኔ የለሁም። እናም የቀበሌውን ስም እየቀያየርሁ ወረዳውን ሙሉ ሳረባርብ ከረምሁ።

ቃሉ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ ገባ። አንድ ቀን የባለቤቴ ሽሮ ጣፍጦኝ «አመርቂ ነው» ብላት፣ ጭልፋዋን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ።

«ምነው፣ ሪፖርት ልትልክብኝ ነው?»

በሽታው ግን የቆየ ነው። ፍኖተ ሰላም ተማሪ ሳለሁ ለጓደኞቼ የፍቅር ደብዳቤ እጽፍ ነበር። «ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ከአንቺ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብሎ ይጀምራል፤ «የብዕሬ ቀለም አለቀ እንጂ ፍቅሬስ አላለቀም» ብሎ ያበቃል። አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡ ሁለት ልጃገረዶች ደብዳቤያቸውን ቢያስተያዩ ቃል በቃል አንድ ሆኖ አገኙት። ይባስ ብሎ የአንደኛዋ ስም የተጻፈው የሌላዋ ስም ተሰርዞ ነበር። ሁለቱም ጓደኞቼ ፍቅራቸውን እዚያው ቀበሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ ይማራል። እኔም ተማርሁ፤ ከዚያ ወዲህ በንጹሕ ወረቀት መገልበጥ ጀመርሁ።

የቀብሩን ሥራ የጀመርሁት የአንድ የሥራ ባልደረባዬ አባት ሲሞቱ «እስቲ አንተ ብዕር አለህ» ተብዬ ነው። አንድ ገጽ ጻፍሁ፣ አነበብሁ፣ ሰው አለቀሰ። በቃ! የሚያስለቅስ ነገር ተገኝቶ ማን ይቀይረዋል? ለሚቀጥለው ሟች ስሙን፣ የእናትና አባቱን ስምና የትውልድ ቦታውን ብቻ ለወጥሁ። ለሚቀጥለውም እንዲሁ። «ታታሪ፣ ከሰው ተግባቢ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ…» እያለ ይወርዳል፤ «ባደረባቸው ሕመም በጸበልና በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ» ላይ ሴቶቹ ለለቅሶ ይነሡልኛል። አንዱን እንዲያውም ከዛፍ ወድቆ የሞተውን ሰውዬ በጸበል ሲረዳ አቆይቼዋለሁ። ማንም አልጠየቀኝም።

እንዲያውም አንድ ቀብር ላይ «ለተቸገረ…» ብዬ ትንፋሼን ስስብ፣ ከኋላ የቆሙ ሴቶች «ደራሽ!» ብለው ጨረሱልኝ። ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ኩራት! ሕዝብ ሥራዬን በቃሉ ያዘልኝ ብዬ ያን ዕለት ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ።

እንዲህ ተከብሬ በምኖርበት ጊዜ ነው ሞላ የሚባል የባጃጅ ሹፌር ቢሮዬ ድረስ የመጣው።

«አጎቴ ይፈልጉሃል። ተዝካር ሊያወጡ ነው።»

«የማንን ተዝካር?»

«የራሳቸውን።»

ላልሰማ ላሰማ። በኛ አገር ልጅ የሌለው፣ ወይም ወራሹን የማያምን ሰው ሳይሞት ተዝካሩን ደግሶ ያበላል። የቁም ተዝካር ይባላል። የሞላ አጎት አያ ጓዴ ሁለቱም አለባቸው፤ ልጅ የላቸውም፣ ሞላንም አያምኑትም። «ይኸ ልጅ እኔ አፈር ሳልቀምስ በሬዬን ሸጦ ለባጃጁ ጎማ ይገዛበታል» ይላሉ አሉ። ሞላ ይኸን የነገረኝ እየሳቀ ነው። «እውነታቸውን እኮ ነው» አለኝ።

አያ ጓዴ እኔን ለማየት እስከ ማግስቱ አልቆዩም፤ ከሰዓት በኋላ ራሳቸው መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ሽማግሌ ናቸው። ወንበር ስስብላቸው ጫፉ ላይ ተቀመጡና በትራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ስማኝ ልጄ» አሉኝ። «የወለድሁት የለኝም። ሚስቴም ቀድማኛለች። ነገ ብሞት ‹ጓዴ እንዲህ ያለ ሰው ነበር› ብሎ የሚያወራልኝ አንድ ሰው የለም። ሞላ እንደሁ ሁለት ቃል አያገጣጥምም። ለነፍሴስ ቄሶቹ አሉ። ስሜን ነው የፈራሁት። ሰው በተሰበሰበበት አንዴ ተናገርልኝ፤ በጆሮዬ ልስማውና ከዚያ ወዲያ የመጣው ይምጣ።»

«ኧረ ችግር የለም አያ! የኔን ንባብ የት ሰሙት?»

«በውበቱ ቀብር ነዋ! ደመኛዬ ነበር እኮ። ግን አንተ ያን ወረቀት ስታነበው አንጀቴን በላው፤ አለቀስሁ። እንደሱ አሳምርልኝ።»

ልብ አድርጉልኝ። እንደሱ አሳምርልኝ ያሉት ራሳቸው ናቸው። በኋላ ለወቀሰኝ ሁሉ ይኸን ደጋግሜ ብናገርም ሰሚ አላገኘሁም።

አያ ጓዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በል ጻፍ እንግዲህ። መጀመሪያ ስለ በቅሎዬ ልንገርህ…»

«በቅሎ የሕይወት ታሪክ ውስጥ አትገባም አያ።»

«ምነው? ከኔ ጋር አይደል የኖረች?»

ስብሰባ ነበረብኝ። ስለ ስብሰባ መብዛት የተጠራ ስብሰባ ነው። «አይድከሙ አያ፣ የርስዎ ነገር ሁሉም አለኝ» ብዬ ደግፌ አስነሣኋቸው። በሩ ላይ ዞር ብለው «ሁሉም?» አሉኝ። «ሁሉም» አልሁ። እውነቴን ነበር፤ መሳቢያዬ ውስጥ ተኝቷል፣ ስም ብቻ ነው የሚጠብቀው።

በጥር፣ እህል ከገባ በኋላ፣ እሑድ ቀን ሞላ በባጃጁ ወሰደኝ። መንገዱ ያለቀበት ቦታ ላይ ወርደን በበርበሬ ማሳው ዳር በእግር ተጓዝን። ከባሕር ዛፍ ቅጠል የተሠራው ዳስ ጢም ብሎ ሞልቷል። ቄሶቹ ጸሎታቸውን አድርሰዋል፤ ጠላው ዞሯል፤ አረቄውም እየዞረ ነው። አያ ጓዴ ዳሱ መካከል ከፍ ካለ መደብ ላይ አዲስ ኩታ ለብሰው እንደ ሙሽራ ተቀምጠዋል። ሰው እየገባ እጅ ሲነሣቸው ነፍስ ይማር ይበል፣ እንኳን ደስ አለዎ ይበል ግራ ገብቶት ያጉተመትማል። እሳቸው ለሁሉም «አሜን» ይላሉ።

ወጡ ሲቀርብ ሞላ አጨበጨበና «አንዴ ጸጥታ!» አለ። ተነሣሁ። ኮቴን ቆልፌ፣ ድምፄን እንደ ለቅሶ ቤት አወፍሬ ጀመርሁ። ከእናታቸው፣ ከአባታቸው፣ ልዩ ስሙ እገሌ ከተባለው ቦታ ተወለዱ… እዚህ ድረስ አያ ጓዴ በየቃሉ ራሳቸውን ይነቀንቁልኛል።

«ታታሪ፣ ከሰው ተግባቢ…»

ከአረቄው በኩል አንድ ሰው ትን አለው።

«ሰው አክባሪ…»

ሳቅ ተሰማ። አያ ጓዴ አንገታቸውን አሰገጉ። «ማነው የሚስቅ? ተነሣና ሳቅ እስቲ!»

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ነገር ግን ይኸ ወረቀት ከተጀመረ አይቆምም፤ ቁልቁለት ላይ እንደ ተለቀቀ ጋሪ ነው። «ለተቸገረ…» አልሁ። ዳሱ በሙሉ በአንድ ድምፅ «ደራሽ!» አለ። ቄሶቹም ጭምር። ደነገጥሁ፤ ሰው ሲደነግጥ ደግሞ የለመደውን ነው የሚያፈጥነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ ይኸም ተረት ራሱ ያረጀ ነው፣ ታገሡኝ።

«…ባደረባቸው ሕመም በጸበልና በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ!»

ከጓዳ አንዲት አሮጊት ልማድ ሆኖባቸው «ወየው!» ብለው አንድ ጊዜ ጮኹና አፋቸውን ያዙ።

አያ ጓዴ ግራና ቀኝ አዩ።

«መቼ?» አሉ።

ወረቀቱን ገለበጥሁት፤ ከጀርባው ምንም የለም። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ነገር ከሩቅ እንደሚያዳምጡ ሆኑ። «ቆይ ቆይ» አሉ። «ይኸን ነገር ሰምቼዋለሁ። ለተቸገረ ደራሽ… በጸበል ሲረዱ…» በትራቸውን ይዘው ተነሡ። «ይኸ የውበቱ ነው!»

ጉድ በል ቡሬ!

ውበቱ ማለት የድንበር ጎረቤታቸው ነበሩ። በሁለቱ ማሳ መካከል አንዲት ዋንዛ ቆማለች። ስለዚያች ዋንዛና ከሥሯ ስላለችው የአንድ በሬ መተኛ ስለምታህል መሬት፣ ሁለቱ ሽማግሎች ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት ድረስ ዓመታት ተመላልሰዋል። በአንድ አውቶብስ ሄደው በአንድ አውቶብስ ይመለሳሉ፤ አውቶብሱ ውስጥ አይነጋገሩም። በመጨረሻ ለአያ ጓዴ ተፈረደ። ብዙም ሳይቆይ ውበቱ ታመው ሞቱ፤ እኔም ደግ አደረግኋቸው።

«በቁሙ ድንበሬን ገፋ» አሉ አያ ጓዴ፣ ለሕዝቡ። «እሺ። ከሰስሁት፣ ረታሁት። አሁን ደግሞ ሞቶ መጥቶ ተዝካሬ ላይ ይቀመጥ? ታሪኬንም ይውሰድ?» ወደኔ ዞሩ። «የኔን አምጣ!»

«አያ… የለም።»

«ሁሉም አለኝ ብለኸኝ የለ?»

«ሁሉም ያ ነው።»

«እንግዲያስ በሬዬን የጣልሁት ለማን ነው? የውበቱን ተዝካር ነው የደገስሁት?»

አንደኛው ቄስ ነገሩን ሊያበርዱ ብለው «ልጄ፣ እግዚአብሔር የማን ነፍስ እንደሆነች አይስትም» ቢሉ አያ ጓዴን ባሰባቸው። በትራቸውን ወደ ገበታው ዘረጉ።

«ማንም እንዳይበላ!»

የጎረሰም ያልጎረሰም ባለበት ቀረ። እጅ ከወጡ ተነሥቶ አፍ ሳይደርስ መንገድ ላይ ሲቆም እንዴት እንደሚያሳዝን ያየ ያውቀዋል። ሰው ሁሉ አያ ጓዴን ማየት ትቶ እኔን ማየት ጀመረ። ፍቅር ያለበት አስተያየት አይደለም።

«ከናንተ ውስጥ» አሉ አያ ጓዴ፣ «የኔ ብቻ የሆነ፣ የማንም ያልሆነ አንድ ነገር የሚያውቅልኝ አለ? ካለ ይናገርና ብሉ። ከሌለ ተነሡና ወደየቤታችሁ ሂዱ። በከንቱ ነው የኖርሁት ማለት ነው።»

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ደረሰ። ሰው ተቁለጨለጨ። በመጨረሻ ረሃብ የጸናበት አንድ ጎልማሳ ተነሣ።

«አያ ጓዴ ዶሮ ሲጮህ ይነሣሉ።»

«ገበሬ ሁሉ ይነሣል። ተቀመጥ!»

«እግዜርን ይፈራሉ» አለ ሌላው።

«አንተም ትፈራለህ። ተቀመጥ።»

«ሳይቆጡኝ… ስስት ቢጤ አለብዎ።»

«እሱ ያገሩ ሁሉ ነው።»

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አርታኢ ገጥሞኝ አያውቅም። መሥሪያ ቤታችን ቢቀጠሩ ኖሮ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዜና አይወጣልንም ነበር።

ሞላ ካቀረቀረበት ቀና ብሎ «በቅሎዋ» አለ። «በቅሎዋ ሰው ረግጣ፣ የተረገጠውን ሰውዬ ‹በቅሎዬን አስደንግጠሃል› ብለው የከሰሱት እሳቸው ናቸው።»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። አያ ጓዴ ፊታቸው ፈካ። «ይኸ የኔ ነው» አሉ። «አስደንግጧታል እኮ! ቀጥሉ።»

ቄሱ ጺማቸውን ዳሰሱ። «እኔም አለኝ። ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ ተነሡ ባለ ቁጥር፣ ከኋላ ‹ቆሜያለሁ!› እያለ የሚመልስ አንድ ሰው ነው ያለን።»

«ቆሜ ሳለ ተነሣ ሲለኝ ምን ልበለው?» አሉ አያ ጓዴ፤ ሰው እንደገና ፈነዳ። እጆች ወደ ወጡ መንቀሳቀስ ጀመሩ። እኔም በልቤ እሰይ፣ ተረፍሁ አልሁ።

ያን ጊዜ ከሴቶቹ በኩል እትየ ስንዱ ተነሡ። የውበቱ ሚስት ናቸው። ሳቁ ቀጥ አለ።

«እኔም አንድ አለኝ» አሉ። «ውበቱ የአልጋ ቁራኛ በሆነበት ክረምት፣ እኒህ ሰውየ ጧት ጧት ድንበሩ ላይ ይቆሙና ‹አንተ ሌባ! ትናንትም ከዋንዛዬ ቅርንጫፍ ወስደሃል!› እያሉ ይጮኹበት ነበር። መቆም ያቃተው ሰው ምን ቅርንጫፍ ይቆርጣል? እኔማ እረግማቸው ነበር። ውበቱ ግን ድምፃቸውን ሲሰማ ትራሱን ተደግፎ ቀና ይልና ‹ዋሽተሃል!› ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ውሃም ይጠጣልኛል፣ አጥሚትም ይቀምስልኛል። ሌላ ጊዜ በምን ብለምነው እሺ አይለኝም። ይኸን አንድ ቀን ለጎረቤት ነገርሁ፤ ለካ ደርሷቸዋል። ከዚያ ወዲያ ዝናብ እየደበደባቸውም አይቀሩም፤ ማታም ጨመሩ። የሞተ ዕለትም ጧት መጥተው ጮኹ። መልስ የለም። እንደገና ጮኹ። ከዚያ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። ሰው መሞቱን ያወቀው የኔን ለቅሶ ሰምቶ አይደለም፣ የሳቸውን ሰምቶ ነው።»

ተቀመጡ። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ።

አያ ጓዴ በትራቸውን መደቡ ላይ አጋደሙት፤ ኩታቸውን አስተካከሉ፤ መልሰው አበላሹት። ጉንጫቸው ርሷል፤ ሊደብቁትም አልሞከሩም።

«ቅርንጫፉን ግን ወስዷል» አሉ በመጨረሻ። «ሳይታመም በፊት ነው እንጂ ወስዷል።»

«ወስዷል» አሉ እትየ ስንዱ። «ሞፈር ሠርቶበታል።»

«እህ!» አሉ አያ ጓዴ፤ እንደዚያ ያለ ደስታ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። «ሰማችሁ? በሉ ብሉ!»

ዳሱ ተንጋጋ። እኔም ከተደበቅሁበት ምሰሶ ሥር ወጥቼ እጄን ልታጠብ ስል አንድ ነገር ልቤን ያዘኝ፤ እውነት እላችኋለሁ ዓይኔም እንባ አቅርሯል። ይኸን ሳይጠፋ ልያዘው ብዬ ያንኑ ወረቀቴን ገልብጬ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። የበቅሎዋን፣ የቅዳሴውን፣ ጭቃው ላይ የተቀመጡባትን ጧት… የመጀመሪያውን መስመር ሳልጨርስ ጥላ አጠላብኝ። አያ ጓዴ ናቸው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ልጽፈው ነው አያ። ዕድሜ ይስጥዎና፣ ለቀብርዎ ቀን የርስዎን እውነተኛ ታሪክ…»

ወረቀቱን ከእጄ ቀስ ብለው ወሰዱ፣ አራት አድርገው አጠፉና ኩታቸው ውስጥ ከተቱት።

«ተወው ልጄ» አሉኝ። «አንተ ከጻፍኸው ለሌላ ሬሳ ታነበዋለህ።»